ዲግሪው ሌላ፣ ሥራው ሌላ

ጅማ ውስጥ አንድ ወጣት «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ካለ የምን ፕሮሰስ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጊንጆ ጉዱሩም ይሁን ቦሳ ቂጦ፣ ኮፒ ቤት ገብቶ ስካን የሚያስደርገው ወረቀት ሁሉን ይናገራል፦ ቴምፖራሪው፣ ትራንስክሪፕቱ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው፣ የፓስፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ። ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። ዲግሪው የእንስሳት ሳይንስ ይላል፤ የልምድ ደብዳቤው የሲስተም አስተዳዳሪ ይላል። ወይም ዲግሪው ታሪክ፣ ሥራው የሒሳብ መዝገብ ነው።

የውጭ አገር ቀጣሪ ተገኝቶ፣ በደመወዝም ስምምነት ተደርሶ ቪዛው ላይ ሲደረስ ጥያቄው ይነሳል። የተማረው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ የሆነ ሰው በባለሙያ የሥራ ቪዛ መሄድ ይችላል? በከተማው ሁለት መልሶች ይዞራሉ። ኤጀንሲው «ዲግሪ ይሁን እንጂ ማንም ፊልድህን አይጠይቅህም» ይላል። አንዴ ተከልክሎ የተመለሰው ደግሞ «ፊልድህ ካልገጠመ አትልፋ» ይላል። ሁለቱም አንድ አንድ አገር ላይ እውነት ናቸው፤ በጅምላ ሲነገሩ ግን ሁለቱም ሰው ያሳስታሉ።

ወረቀቶቹ የማይተዋወቁበትን ምክንያት አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል። የቪዛ መኮንኑ ዲግሪው ላይ የሰፈረውን የትምህርት መስክ ሲያነብ፣ አመልካቹ በወጣትነቱ አስቦ የመረጠው ሙያ አድርጎ ይወስደዋል። እኛ አገር የሆነው ግን ሌላ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ የሚያዘው ፖሊሲ ሲሠራበት፣ ተማሪው ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላ ነበር፤ ውጤቱና የቦታው ብዛት ግን ይወስኑለት ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስ አንደኛ ብሎ ሞልቶ የዕፅዋት ሳይንስ የደረሰው ስንቱ ነው! በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ተመልሶ ሲመጣ ምርጫው አንድ ዓመት ዘገየ እንጂ መሠረቱ አልተለወጠም። ዛሬም ዲፓርትመንት የሚገባው በጂፒኤ ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከሥሩ የተወሰኑ ሙያዎች ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤትና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 ተዋሕደው ነው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። ቂጦ ፉርዲሳ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኋላ ልጅ ነው። በዚያው የእርሻ ትምህርት ቤት ያለፉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከጅማ ወደ ዓለማያ ኮሌጅ፣ ከዓለማያ ወደ አሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሄደው በዕፅዋት ማዳቀል ዶክትሬታቸውን ሠሩ። በማሽላ ምርምራቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከትምህርት ቤት እስከ ላቦራቶሪ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የቪዛ ሕጎች የተጻፉት እንዲህ ያለውን ፋይል በዓይነ ኅሊና ይዘው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዛሬው ተመራቂ መስመር ግን ይጠማዘዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ያጠማዘዘው ራሱ አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ነገሩን የበለጠ አጥብቆታል። ፈተናው በየትምህርት መስኩ ነው። ማታ ማታ ኮድ መጻፍ የለመደ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ የሚመረቀው የእንስሳት ሳይንስን ፈተና ሲያልፍ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ደግሞ ከአሥር ተፈታኝ አራቱ አካባቢ ብቻ ነበሩ። በሌላ በኩል መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ያስጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ማንኛውም ወጣት ከየትኛውም መስክ መጥቶ የፕሮግራሚንግና የዳታ ሰርተፊኬት እንዲያገኝ በሩን ከፈተ። አንዱ መሥሪያ ቤት በተመደብክበት ጽና ይላል፤ ሌላው ከተመደብክበት ውጣ ይላል። ሁለቱን ወረቀት ይዞ ኤምባሲ የሚቀርበው ግን ያው አንድ ልጅ ነው።

አሁን ወደ አገሮቹ ሕግ እንግባ።

የአሜሪካው የባለሙያ ቪዛ፣ ኤች ዋን ቢ፣ ጥብቅ የሚባለው ነው። በዓመት 65 ሺህ ቦታ፣ በአሜሪካ ማስተርስ ለሠሩ ደግሞ ተጨማሪ 20 ሺህ አለው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ከቁጥሩ ውጭ ናቸው። መመዘኛው ድርብ ነው። ሥራው ራሱ በታወቀ የትምህርት መስክ ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚጠይቅ መሆን አለበት፤ አመልካቹም ያንን ዲግሪ ወይም አቻውን መያዝ አለበት። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ያስባል። የሚወድቀው ግን በመጀመሪያውም ነው፤ ማንኛውንም ዲግሪ የያዘ ሊሠራው የሚችል ሥራ ከሆነ ለሕጉ «ልዩ ሙያ» አይደለም።

በዚህ ላይ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው ተሟግተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሮያል ሲያም የተባለ የታይላንድ ምግብ ቤት ባቀረበው ጉዳይ፣ የመጀመሪያው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጠቅለል ያለ የቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ዲግሪ ብቻውን የልዩ ሙያ ማስረጃ እንደማይሆን ወሰነ። ማኔጅመንት ላጠናው የጅማ ልጅ ይህ ደስ የሚል ዜና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት በረዚደንሻል ፋይናንስ ጉዳይ ወደ ሌላኛው ወገን አዘነበለ፦ ዋናው ዕውቀቱ ነው፣ የዲግሪው ርእስ አይደለም አለ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ መካከለኛውን መንገድ ያዘ። በዲግሪውና በሥራው መካከል ምክንያታዊ ትስስር መኖሩ ይበቃል፤ ቀጣሪው ከአንድ በላይ የትምህርት መስክ ሊቀበል ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መስክ ከሥራው ጋር መያያዙን ማስረዳት የቀጣሪው ዕዳ ነው።

ትስስሩ ጨርሶ ከሌለስ? ሕጉ ልምድን በትምህርት ይመነዝራል፦ ለጎደለው ለእያንዳንዱ የኮሌጅ ዓመት ሦስት ዓመት የሙያ ልምድ። አራቱም ዓመት ከጎደለ አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው። በሌላ መስክ የተያዘው ዲግሪ የተወሰነውን ሊሸፍን ይችላል፤ ስንቱን እንደሚሸፍን ግን ገምጋሚና መኮንን የሚከራከሩበት ነው። ልምዱ ደግሞ በወር ደመወዝ ደብዳቤ ብቻ አይረጋገጥም። ሥራው የሙያውን ዕውቀት እንደጠየቀ፣ አብረው ወይም በላይ ሆነው የሠሩት ዲግሪው እንደነበራቸው፣ ሰውየውም በሙያው የታወቀ እንደሆነ መታየት አለበት። «ከእገሌ ቀን እስከ እገሌ ቀን በድርጅታችን በቅንነት አገልግለዋል» የሚለው የለመድነው ደብዳቤ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ምን ሠራ? በምን መሣሪያ? ማን ሥር? እነዚህን የማይል ደብዳቤ ባዶ ነው።

የኢትዮጵያ ተመራቂ እዚህ ላይ የተለየ ችግርም ይገጥመዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተደረገው ለውጥ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በርካታ ፕሮግራሞች ሦስት ዓመት ነበሩ፤ የመሰናዶው ሁለት ዓመት አንዱን ዓመት እንደሚተካ ታስቦ ነው። ይህን ስሌት ሁሉም የውጭ ገምጋሚ አይቀበለውም። ስለዚህ የመስኩ አለመግጠም ላይ የዓመት መጉደል ይደረባል፤ አንዲት የጎደለች ዓመት ብቻ ሦስት ዓመት ልምድ ትበላለች።

ይህ ሁሉ ከዋጋው በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ያወጡት አዋጅ ከአሜሪካ ውጭ ላለ አዲስ አመልካች ቀጣሪው 100 ሺህ ዶላር እንዲከፍል ደነገገ። እዚያው በተማሪነት ቆይቶ ቪዛ የሚቀይረውን ክፍያው እንደማይመለከተው በቀጣዩ ወር ተብራርቷል። ከጅማ ሆኖ በቀጥታ ኤች ዋን ቢ አወጣለሁ የሚል ወጣት ፊልዱ ቢገጥምም ባይገጥም ላም አለኝ በሰማይ እያለ ነው። ማስተርሱን እዚያ ለሚማር ግን መንገዱ አለ፤ ያውም ማስተርሱን ወደሚሠራው ሥራ ካዞረ የመጀመሪያው ዲግሪ ጥያቄ ይቀልለታል።

አሜሪካ ሁለት ፊት አላት። ብዙ ኢትዮጵያውያን የገቡበት ዲቪ የሚጠይቀው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወይም ሥልጠና የሚፈልግ የሁለት ዓመት ሥራ ልምድ ነው። ፊልድ የሚባል ነገር አያውቅም። በዚህ በር የገባ መሐንዲስ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ሲነዳ፣ በሌላው በር የሚያንኳኳ ፕሮግራመር ደግሞ ዲግሪው የከብት ርባታ ስለሆነ ይመለሳል።

ጃፓን ላይ ነገሩ ለስለስ ይላል። የኢንጂነር፣ የሰብዓዊ ሳይንስ ባለሙያና የዓለም አቀፍ አገልግሎት ተብሎ በአንድ የተጠቃለለው የመኖሪያ ፈቃድ በትምህርትና በሥራ መካከል ግንኙነት ይጠይቃል፤ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሲሆን ግን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ግንኙነቱን ሰፋ አድርጎ ያያል። ትርጉምና የቋንቋ ማስተማር ሥራ ላይ ደግሞ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሦስት ዓመት ልምድ ከማቅረብ ያድናል። ዲግሪ የሌለው በቴክኒክ ሥራ አሥር ዓመት ልምድ ማሳየት አለበት። የአይቲ ፈተና አልፈው ከዲግሪም ከልምድም የሚታለፉ አሉ፤ ፈተናቸው የታወቀላቸው ግን የእስያ አገሮች ናቸው፣ የኢትዮጵያ ሰርተፊኬት አይገባም። ጃፓን ለጅማ እንግዳ አይደለችም፤ የጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካ በበለጠ ጌራ ደን ውስጥ ከገበሬዎች ጋር ለዓመታት በደን ቡና ላይ ሠርቷል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ለአፍሪካ ወጣቶች ማስተርስና በኩባንያ ውስጥ ልምምድ አጣምሮ የሚሰጠው የኤቢኢ ኢኒሼቲቭ አለ። ፊልድ መቀየር ለሚፈልግ ይህ ከብዙ ኤጀንሲ ይሻላል።

ፊልዱ ላልገጠመ ሰው በጣም የተከፈተው በር ግን ጀርመን ነው፤ ስለዚህ በር ጅማ ላይ የሚወራው ከሁሉ ያነሰ መሆኑ ይገርማል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 18 ቀን 2023 ጀምሮ፣ ዕውቅና ያገኘ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የያዘ ሰው ፈቃድ በማይጠይቁ ሙያዎች ማንኛውንም የሠለጠነ ሥራ መሥራት ይችላል። ቀድሞ ሥራው ከትምህርቱ ጋር እንዲገጥም ይጠበቅ ነበር፤ ያ ተነሣ። የአግሮኖሚ ዲግሪ ያለው በሎጂስቲክስ፣ የታሪክ ዲግሪ ያለው በሶፍትዌር መቀጠር ይችላል ማለት ነው፤ ሥራው ቢያንስ የሁለት ዓመት ሥልጠና የሚጠይቅ ደረጃ ላይ ከሆነ። ብሉ ካርድ የሚባለው ከፍ ያለው ፈቃድ አሁንም ለዲግሪው የሚመጥን ሥራ ይፈልጋል። ነገር ግን በአይቲ ላይ፣ ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ሦስት ዓመት የሙያ ልምድ ያለው ሰው ዲግሪ ባይኖረውም ደመወዙ ከደረሰ ብሉ ካርድ ይሰጠዋል።

እንቅፋቱ ያለው ዕውቅናው ላይ ነው። አናቢን በሚባለው የጀርመን መዝገብ ላይ ዩኒቨርሲቲውም የዲግሪው ዓይነትም መገኘት አለባቸው። ካልተገኙ ለማዕከላዊው የውጭ ትምህርት መሥሪያ ቤት 208 ዩሮ ተከፍሎ የአቻነት መግለጫ ይወጣል። ሥራ ሳይያዝ ሄዶ ለመፈለግ በጁን 2024 የተጀመረው የዕድል ካርድም አለ፤ ነጥብ ይቆጠራል፣ ቋንቋ ይጠየቃል። በ2025 ስሌት ደግሞ በወር 1,091 ዩሮ፣ ለዓመት 13,092 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማሳየት ያስፈልጋል። ለአጋሮ የቡና ገበሬ ልጅ ይህ ገንዘብ ከፊልዱ በላይ ግንብ ነው። ነርስ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስት ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቁ ሙያዎች ስለሆኑ «ማንኛውም ሥራ» የሚለው አይመለከታቸውም። በጤና ሳይንስ ለታወቀች ከተማ ይህን መሳት ዋጋ ያስከፍላል።

ካናዳና እንግሊዝ ላይ አጭር ነው። የካናዳው ኤክስፕረስ ኢንትሪ የዲግሪውን ደረጃ በነጥብ ይቆጥራል እንጂ ልምዱ ከመስኩ ጋር ገጠመ አልገጠመ አይልም። እንግሊዝ ደግሞ የሠራተኛውን ዲግሪ ትታ የሥራውን ደረጃ ትመለከታለች፤ ከጁላይ 22 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራው በዲግሪ ደረጃ የተመደበ እንዲሆንና መነሻ ደመወዙ 41,700 ፓውንድ እንዲደርስ ጠይቃለች።

አንድ ነገር ግን በብዙ አገር ሕግ ውስጥ ቦታ አላገኘም፤ እሱም ጅማ ከማንም በላይ የምታውቀው ነው። ቡና ቀማሽ እንውሰድ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቡና ቅምሻ ላቦራቶሪ ጅማ ውስጥ አለ፤ መልኮ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ቡናን ለአሥርት ዓመታት ሲያጠና ኖሯል። ከአጋሮ አካባቢ የዱሮሚና ማኅበር ቡና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቷል። ማንኪያውን ወደ ሲኒው ነክሮ፣ ሳብ አድርጎ፣ የሊሙን ከጌራ በምላሱ የሚለይ ሰው በምንም መመዘኛ ባለሙያ ነው። የቪዛ ሕግ ግን አያውቀውም። አሜሪካ ውስጥ ቀማሽ ለመሆን ዲግሪ ግዴታ ስላልሆነ ሥራው ከልዩ ሙያ ውጭ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ የዲግሪ ደረጃ የለውም። ስለዚህ ቀማሹ ምግብ ሳይንስ ቢማርም ታሪክ ቢማርም ልዩነት የለውም፤ ጉድለቱ የሥራው እንጂ የሱ አይደለም። ይህ ሰው ማመልከት ያለበት በ«ቀማሽ» ሳይሆን፣ በእውነት የሚሠራው ከሆነ፣ በጥራት ቁጥጥር ወይም በአቅርቦት ሰንሰለት ሥራ ነው። ካልሠራው ደግሞ የማይሠራውን መጻፍ ማጭበርበር ነው፤ መዘዙም ለዓመታት ይከተላል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄደው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከጅማ ዞን ወረዳዎች ለቤት ሠራተኝነት ከሚሄዱት ሴቶች መካከል ዲግሪ ያላቸው አሉ። 923/2008 የተባለው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ስምንተኛ ክፍልን ነበር የጠየቀው፤ ዲግሪው እቤት ቀርቶ የብቃት ማረጋገጫው ይሄዳል። ዱባይ ላይ በሙያ ደረጃ ለመቀጠር ግን ዲግሪው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲ መረጋገጥ አለበት፤ «መሐንዲስ» የሚለውን የሥራ መጠሪያ ለማግኘት ደግሞ የምህንድስና ዲግሪ የግድ ነው። እዚያ የፊልድ ጥያቄ ሕይወትን ለሁለት ይከፍላል፦ በአንድ በኩል ዲግሪው የማይታይበት፣ በሌላው ያለ እሱ የማይታለፍበት።

ኢትዮጵያም በራሷ በር ላይ ይህንኑ ትጠይቃለች። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 መሠረት የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ነው፤ ሦስት ዓመት ያገለግላል፣ በየዓመቱ ይታደሳል። በዚያው ዓመት በተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚቀጠር የውጭ ባለሙያም ከዚህ አያመልጥም። በሕጉ መኖር መማረር እንግዲህ ብዙ አያስኬድም።

የሚያስኬደው ትራንስክሪፕቱ ነው። የፊልዱ ስም ባይገጥምም ኮርሶቹ ሊገጥሙ ይችላሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ይታወቃል፤ ሲቢቲፒ የሚባለውን የማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና የወሰደ ተማሪ ሁሉ መጠይቅ ይዞ ቀበሌ ለቀበሌ ዞሯል፣ ናሙና መርጧል፣ መረጃ ወደ ኮምፒውተር አስገብቷል፣ ተንትኖ ሪፖርት ጽፏል። የጤና መኮንኑም የእርሻ ባለሙያውም ይህን ሠርተዋል። ባዮስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሜትሪክስ፣ የምርምር ዘዴ የሚሉ ኮርሶች ሲጨመሩበት፣ የግብርና ኢኮኖሚክስ ተመራቂ ለዳታ ተንታኝነት ሥራ የሚያቀርበው ማስረጃ ቀላል አይደለም። ችግሩ ትራንስክሪፕቱ የሚያሳየው ጥቂት ፊደልና አንድ ቁጥር፣ የኮርሱ ስም፣ ክሬዲቱና ግሬዱ ብቻ መሆኑ ነው። አትላንታ ወይም በርሊን የተቀመጠ ገምጋሚ «ሲቢቲፒ 3» ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? ተመራቂው የኮርስ መግለጫ ሊያወጣ ሲሄድ ዲፓርትመንት ወደ ሬጅስትራር፣ ሬጅስትራር ወደ ዲፓርትመንት ይልኩታል። በዚያ ላይ የኮስት ሼሪንግ ዕዳው ካልተከፈለ ኦርጅናሉም ኦፊሻሉም አይወጣም።

ሕጉን የሚጽፉት ዋሽንግተንና በርሊን ናቸው፤ እዚያ ላይ ጅማ ድምፅ የላትም። የኮርስ መግለጫው ግን እዚሁ ቂጦ ፉርዲሳና ዋናው ግቢ መሳቢያ ውስጥ ያለ ወረቀት ነው። ተማሪውን ባልመረጠው መስክ የመደበ ተቋም፣ ቢያንስ በዚያ መስክ ውስጥ ምን እንዳስተማረው ገጽ በገጽ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት መግለጫ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አያይዞ ይስጠው። ቀጣሪዎችም የልምድ ደብዳቤ ሲጽፉ ሠራተኛው የሠራውን ይዘርዝሩ። ተመራቂው ደግሞ ለኤጀንሲ አንድ ብር ከመክፈሉ በፊት የሚሄድበትን አገር ሕግ ከአገሩ መንግሥት ገጽ ላይ ያንብብ፤ እንግሊዝኛው ከከበደው የሚያነብለት ሰው ጅማ ውስጥ አይጠፋም።